ተለውጧል የተባለው ባል

ኮርበሽቲ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2016

ለውድ እትዬ አግላያ፤

ሚስቱን የሚደበድብ ሰው፣ ዳኛ አስገድዶት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለተወያየ ይለወጣል ወይ? ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። እናቴ ጠይቃኛለች፣ ዳቦ ሻጯ ጠይቃኛለች፣ ቄሱ እንኳ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተው ጽዋውን እንደያዙ ጠይቀውኛል። እርስዎም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት። ሰላምታዬን ከኋላ ማስከተሌን ይቅር ይበሉኝ። ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የሚያስታምሟቸው ሴትዮስ ዛሬም "ሾርባው ጨው በዛበት" ይላሉ? ደግ ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ የሰው አገር መንገድ ሁሉ ደልዳላ ይሁንልዎ።

እኛ ደህና ነን። የላኩት ዕቃ በእሑዱ ሚኒባስ ደርሷል። እናቴ ቦት ጫማውን ተጫምታ ጎረቤት እንዲያያት ግቢውን ስትዞር ዋለች፤ ጠብታ ዝናብ ግን አልነበረም። "ስልክ እያለ ምን ያስጽፍሻል?" ትለኛለች። እኔ ግን እርስዎ ከሄዱበት ጊዜ ጀምሮ ከየዕቃው ውስጥ ደብዳቤ እየፈለግሁ ነው ያደግሁት። ደግሞም በስልክ የማይወጣ ነገር አለ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ወንዶች ይመጣሉ። ሁሉም ሚስታቸውን መትተው ፍርድ ቤት የላካቸው ናቸው፤ ከቀሩ ዳኛው ፊት ይቆማሉ። የተሰጠን ክፍል የድሮው መዋዕለ ሕፃናት ነው። እዚያ የተረፈው የልጆቹ ወንበር ብቻ ስለሆነ ሰዎቹ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ኒኪፎር የሚባል የትራክተር ነጂ "እመቤቴ፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ብታስቀምጡኝ ኖሮ ማንንም አልመታም ነበር፤ መነሣቱስ መቼ ይቻላል!" ብሎ የመጀመሪያውን ሳቅ አሳቀን።

የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ንጹሕ ነው። አንዱ "አልመታኋትም፣ ገፋ ነው ያደረግኋት" ይላል። ሌላው "እኔ ሳልሆን በሩ ነው የመታት" አለ። "በሩንስ ማን ወረወረው?" ብዬ ስጠይቀው "ንፋስ" አለኝ። ከዚያ ዞረው ወደ እኔ መጡ።

"ልጅት፣ አግብተሻል?"

"አላገባሁም።"

"እንግዲህ ተመልከቱ፣ ዋና የማታውቅ ዋና ልታስተምረን መጣች!"

"አንተ የምታውቀውን ዋናማ አየነው" አልኩት፤ "ሚስትህን ነው ያሰጠምክበት።"

ሳቁ። አብረውኝ ቡድኑን የሚመሩት ወይዘሮ ታይሲያ ግን አልሳቁም። ሰዎቹ ሲወጡ "በምላስ ካሸነፍሻቸው ሐሙስ የዋጧትን ዓርብ ሚስቶቻቸው ላይ ይተፏታል" አሉኝ። ከየስብሰባው በኋላ ለሚስቶቹ እየደወሉ "ቤት ውስጥስ እንዴት ነው?" ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርተዋል፤ ድካሙ ፊታቸው ላይ ይነበባል። እኔ እንደሳቸው አልሆንም ብያለሁ።

አንድ ደንብ አለን፤ ማንም ሰው ሚስቱን "እሷ" ወይም "ሴትዮዋ" አይልም፣ በስሟ ይጠራታል። ኒኪፎር ግን አሻፈረኝ አለ። "ሠላሳ ዓመት 'አንቺ ሴትዮ' ስላት ኖሬ፣ ዛሬ ማታ በስሟ ብጠራት ሌላ ሴት የያዝኩ ይመስላታል።"

ከስምንቱ አንዱ ቫዲም ነው። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሚስቱ ኦክሳናም ሳትነግርዎ አልቀረችም። ፍርድ ቤቱ እሷ ወዳለችበት ድርሽ እንዳይል ከልክሎታል። በየሐሙሱ ግን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣል። ከሁሉም በፊት ይደርሳል።

አክባሪዎ
ሉሚኒጻ


ፓዶቫ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2016

ለልጄ ለሉሚኒጻ፤

ቅዱስ ኒኮላስ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ሰላምታውን ብታስቀድሚ ደስ ባለኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነሽ ብዬ አልፌዋለሁ።

እኔ እንዳለሁ አለሁ። የማስታምማት ሲኞራ ሾርባውን ትታ አሁን ከልብስ ማጠቢያው ጋር ተጣልታለች፤ "ጮኸብኝ" ትለዋለች። ቀን አነሣታለሁ፣ አስቀምጣታለሁ፣ እሑድ ለሁለት ሰዓት ያህል እወጣለሁ። የምወጣውም ሚኒባሶቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄጄ የአገሬን ሰው ድምፅ ልሰማ ነው። ስመለስ እግሬ ይዝላል።

ለጥያቄሽ መልስ የለኝም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ዳኛ አልነበረም። ቄስ ነበረ፣ የተክሊል እናት ነበረች፣ ጉንጉን ዳቦ ነበረ። ባልና ሚስት ስንጣላ ዳቦውን ይዘን ወደ እሷ እንሄዳለን፣ እንንበረከካለን፣ ያልቃል።

ቫዲምን አደራ ተመልከቺልኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። የመታጠቢያ ቤቴን ሴራሚክ ያነጠፈልኝ እሱ ነው፤ ሳንቲም አልቀበልም ብሎ ማለብኝ። ሞስኮ ሥራ ሄዶ ነው የተበላሸው ይላሉ። እኔ የተክሊል እናታቸው ነኝ፤ ሻማ ይዤ ከኋላቸው የቆምኩ። ቢጣሉ የሚጠየቀው የኔ ቤት ነው፣ ቢለያዩም የሚታማው የኔ ቤት ነው። ኦክሳና በስልክ "ደህና ነኝ እማማ፣ ደህና ነኝ" ትለኛለች። ደህና የሆነ ሰው እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይልም። እና እውነቱን ጻፊልኝ፤ እየተለወጠ ነው ወይስ ወንበር እያሞቀ ነው?

ከፓስታው ፓኬት ውስጥ ሃምሳ ዩሮ አለ፤ ለኦክሳና ማገዶ መግዣ። በእጇ ስጪያት፤ በእሱ በኩል አይሁን።

የኔንም ቤት ቁልፍ የያዘችው ኦክሳና ናት፤ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ አልፎ አልፎ እሳት ታንድድልኝ። ባሌ ቶአደር ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሰው አላደረበትም። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ፊት ጨዋ ነበር።

እትዬሽ
አግላያ


ኮርበሽቲ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2016

ለውድ እትዬ አግላያ፤

በዚህ በጾመ ነቢያት ልብዎን የሚያሳርፍ ዜና ይዤ መጣሁ፤ በሰላም ያግኝዎ። ማገዶው ተገዝቷል፤ ገንዘቡን ለኦክሳና በእጇ ሰጥቻታለሁ። ትንሿ ልጇ ካትሪንካ የፊት ጥርሷ ወልቆ "እትዬ አግላያ ከጣልያን ጥርስ ትላክልኝ" ብላለች።

አሁን ልጻፍልዎ፤ እጄ እየቸኮለ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ አይዘኑብኝ። ዛሬ "ሚስታችሁ ከእናንተ የምትፈራው ምንድን ነው?" ብለን ጠየቅናቸው። አንዱ "ምንም" አለ፤ አንዱ "መጠጥ ስጠጣ" አለ። ቫዲም እጁን እያየ እንዲህ አለ፦ "ኦክሳና ዱላዬን ብቻ አይደለም የምትፈራው። የመኪናዬን ድምፅ ስትሰማ ሬዲዮውን ታጠፋለች። ዘፈን ትወድ ነበር። ሬዲዮ የማትሰማ ሴት አደረግኋት።"

ኒኪፎር እንኳ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። እኔ ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁና የልጆቹ መታጠቢያ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ፣ ይለወጣል! አራት ዓመት በመጽሐፍ ያነበብኩትን ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ከቡድኑ ሁሉ ቫዲም ቀድሟል።

ገለል ማለትንም ተምረዋል። ንዴት ሲመጣ "ልረጋጋ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ" ብሎ መንገር፣ ሳይጠጡ በእግር ዞር ዞር ማለት፣ በተባለው ሰዓት መመለስ ነው። ቫዲም ይህንን ለሌሎቹ ከእኔ አሳምሮ አስረዳቸው። ኒኪፎር ግን ገና ፊደል ላይ ነው። በስሟ ጠራኋት አለን።

"ፌዶራ አልኳት።"

"እሷስ?"

"'ማን ሞተ?' አለችኝ።"

ወይዘሮ ታይሲያ ይህንን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ ለቫዲም ንግግር ግን ፊታቸው አልተፈታም። "የእሱን ቃል እሱ ዘንድ አስቀምጪው። ኦክሳና ስትለው ያን ጊዜ አምናለሁ" አሉኝ። ሰው ብዙ ዓመት ክፉ ሲሰማ ደግ ነገር ማመን ያቅተዋል መሰለኝ።

የክልከላው ትእዛዝ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ያበቃል። ከዚያ በፊት ኦክሳና ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ እንዲራዘምላት መጠየቅ አለባት፤ ካልጠየቀች በራሱ ይወድቃል። ስብሰባው እስከ ጁን ስለሚቆይ እስከዚያ ቢራዘም ለሁሉም ይበጃል።

የምትወድዎ ልጅዎ
ሉሚኒጻ


ፓዶቫ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2017

ለልጄ ለሉሚኒጻ፤

አፍሽ ማር ይብላ! የጥምቀቱ ጸበል በረከት ይድረስሽ። መልሴ ዘገየብሽ፤ ሲኞራ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከርመናል። እኔም ወንበር ላይ ስተኛ ወገቤ ተቆልፎ ቀረ። ግን ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤው ነበር።

ለኦክሳና በስልክ አነበብኩላት። የሬዲዮው ጋ ስደርስ "እስቲ ድገሚልኝ እማማ" አለችኝ። ደገምኩላት። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም። "እሱ ነው እንዲህ ያለው? በሰው ፊት?" አለች። "ሉሚኒጻ ትዋሻለች እንዴ? ከሁሉ ቀድሟል ትላለች፣ የተማረች ልጅ ናት" አልኳት።

ፍርድ ቤቱን ተይው ብያታለሁ። የጀመረን ሰው በፖሊስ አያባርሩትም። ዐቢይ ጾም ሊገባ በይቅርታው እሑድ እንደ ልማዳችን ጉንጉን ዳቦ ይዘው ወደ ቤቴ ይምጡ፤ እኔም በስልኩ ቪዲዮ እታያለሁ። ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃት፣ ይቅር ትበለው፣ ይለቅ። ያኔ እኔም በሰላም እተኛለሁ።

አንቺ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስብሰባውን ጨርሷል የሚለውን ወረቀት ቀደም አድርገሽ ጻፊለት። የሲኞራ ልጅ ሥራ አግኝቶለታል፤ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፣ ደመወዙም ደህና ነው። ሁለቱንም እዚህ አመጣቸዋለሁ፤ ከዓይኔ ሥር ይሆናሉ። ከፓስታው ፓኬት ውስጥ መቶ ዩሮ አለ። አሁን ለቫዲም ስጪው፣ ፓስፖርቱን ያድስበት።

እትዬሽ
አግላያ


ኮርበሽቲ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2017

ለውድ እትዬ አግላያ፤

ወገብዎን ይማርልኝ፤ ለሲኞራም ምሕረት ይላክላቸው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ሚኒባሱ በበረዶ ምክንያት ድንበር ላይ ከርሞ፣ ሲመጣ ደግሞ ሹፌሩ ዕቃውን ሌላ መንደር አራግፎት ነበር። ትእዛዙ የወደቀው ዓርብ ነው። ኦክሳና እንዲራዘምላት አልጠየቀችም።

እንዳነበብኩ ደወልኩልዎ። "ሲኞራ ተኝታለች፣ በደህና ነው?" ሲሉኝ "በደህና ነው" ብዬ ዘጋሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አልገባኝም። ከየት ልጀምር?

ከዚህ ልጀምር። እኔ የጻፍኩት ቫዲም ክፍል ውስጥ የተናገረውን ነው። ቤት ውስጥ የሚያደርገውን አላየሁም፤ ከእሷ ርቆ እንዲኖር ታዝዞ ስለነበር ማንም አላየም። ቀድሟል ያልኩት በንግግር ነው። ይህን ልዩነት እኔም ስጽፍልዎ አላስተዋልኩትም ነበር። ለወይዘሮ ታይሲያ ስነግራቸው "ደብዳቤ?" ብለው ከነዚያ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ የተደበደበችን ሴት ወደ ደብዳቢዋ የሚመልሳት እኛው ዘንድ መማሩ ነው። መማር ጀምሯል ሲሏት ሻንጣዋን ትፈታለች" አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ልጽፍለት አልችልም። መቶው ዩሮም እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ በሚመጣው እሑድ አያስጠሯቸው። ይቅርታው ይቆይ፤ ከጁን በኋላም እሑድ አለ። እርስዎን እንደምትሰማ ማንንም አትሰማም። "ትንሽ እንቆይ" ቢሏት ትቆያለች።

ሉሚኒጻ


ፓዶቫ፣ ማርች 1 ቀን 2017

ለልጄ ለሉሚኒጻ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልን። ደብዳቤሽ ሐሙስ ደርሶኝ ነበር። አነበብኩት። ግን ዱቄቱ ተነፍቷል፣ ሰው ሰምቷል። የተክሊል እናት ጠርታ "ተመለሱ" አትልም።

ደስ የሚል ነበር። ስልኩን ከጎመን ማሰሮው ላይ ደገፉት፤ ቤቴን አየሁት፣ መጋረጃዬን አየሁት። ቫዲም ተንበረከከ። "እማማ አግላያ፣ ኦክሳና፣ በደልኩ" አለ፤ ያማረ ቃል ተናገረ፣ ካንቺ የተማረው መሆን አለበት። ኦክሳና "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አለችው። እጄን ሊስሙ ፈልገው ስልኩን ሳሙት። ስክሪኑ በካትሪንካ ጣት ቅባት ተሞላ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም።

ኦክሳና ከስታለች። ስልኩ ያሳየኝ እንደዚያ ይሆናል።

የተማረ ሰው ሁሉን ይፈራል፤ አትፍሪ። በዚያው ቀን ዕቃውን ይዞ ቤቱ ገብቷል።

እትዬሽ
አግላያ


ኮርበሽቲ፣ ማርች 30 ቀን 2017

ለእትዬ አግላያ፤

በሰላም ያግኝዎ። ተቀምጠው ያንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ቫዲም እንደ ወትሮው ቀድሞ መጣ። ተራው ሲደርስ እንዲህ አለ፦ "ቅዳሜ ተናደድኩ። እንደተማርነው ልረጋጋ ነው ብዬ ነገርኳት፣ ወጣሁ፣ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። እጄን አላነሣሁም።" ሰዎቹ አጨበጨቡለት። ማጨብጨብ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ታይሲያ ለኦክሳና ሲደውሉ ስልኳ ዝግ ነበር። በማግስቱም ዝግ ነው። የመንደሩን ፖሊስ ይዘው ሄዱ። በሩን የከፈተላቸው ቫዲም ነው፤ "ግቡ፣ ሻይ ጠጡ" ብሎ። ኦክሳና ወይዘሮ ታይሲያን ስታይ ካፖርቷን ለበሰች፣ የልጅቷን ጫማ አነሣች፣ ልጅቷን ይዛ መኪናቸው ውስጥ ገባች። እሱም አልከለከላትም። "የመሄድ መብትሽን አከብራለሁ" አላት፤ ፖሊሱ ፊት።

የሆነው ይህ ነው። ቫዲም ቅዳሜ ሲወጣ በሩን ከውጭ ቆልፎባቸው፣ ስልኳን ኪሱ ከቶ ነው የሄደው። የተመለሰው ሰኞ ነው። ማገዶው ደጅ ነበር፤ በእርስዎ ገንዘብ የተገዛው ማገዶ። ካትሪንካ ትኩሳት ይዟት ነበር። እናትየዋ የልብስ መስቀያዎቹን አነደደች፣ ከዚያ የእንጨት ማንኪያዎቹን።

እኔም ወይዘሮ ታይሲያ ያስገቧት የሴቶች መጠለያ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅኋት፦ "መስኮቱን ለምን አልሰበርሽውም?"

"ብሰብረውማ" አለችኝ፣ እንዴት ዝግ ብላ እንደምትናገር እየገረመኝ፣ "'ዕቃ መስበር ጥቃት ነው፣ ሉሚኒጻ አስተምራናለች' ይለኛል። ገና ዕቃውን እንዳስገባ ነግሮኛል። ሳህን ከእጄ አምልጦ ሲሰበር 'አየሽ፣ አሁን ጥቃት ፈጻሚዋ አንቺ ነሽ' አለኝ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ 'ይህም ጥቃት ነው' አለኝ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ድሮ ሲመታኝ ቢያንስ ስሙን አውቀው ነበር።"

አስተምሬዋለሁ፤ እውነቷን ነው። ያን ትምህርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ፖሊሱ "ቁስል የለም፣ አልነካትም፤ አዲስ ትእዛዝ ከፈለገች እሷው ትጠይቅ" ብሏል። ቫዲም ትናንት በስልክ "ማንንም አልነካሁም" አለኝ። አልነካትም። ዛሬ ስብሰባ መጥቶ ነበር። ማንም አላጨበጨበም፤ ከእንግዲህ በክፍላችን ማጨብጨብ ቀርቷል። ወይዘሮ ታይሲያ በሁሉም ፊት "ቁልፉ የት ነበር?" ብለው ጠየቁት። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

ኦክሳና ግን ፍርድ ቤት አልሄድም ብላለች። "በእማማ አግላያ ፊት ይቅር ብያለሁ። ጾሙ ሳይፈታ ይቅርታዬን ብነጥቅ እግዚአብሔርስ ምን ይለኛል? እሷስ ቤቷን ከፍታልን?" ትላለች። መጠለያው እስከ ፋሲካ ሳምንት መጨረሻ ያኖራታል። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ከሌላት የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው።

ሉሚኒጻ


ፓዶቫ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017፣ ሆሣዕና

ልጄ፤

ስትደውይልኝ ያላነሣሁት ሰምቼው ነው። ደብዳቤውንም ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሲኞራ "ምን ትቀጃለሽ?" ትለኛለች፣ የመብራት ሒሳብ ነው እላታለሁ።

ምን ልበላት? ከአፌ የወጣውን በየት በኩል ልመልሰው? የተክሊል እናት "ተዪው" ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። የኔዋ አላለችኝም። እኔንም ከቶአደር አጠገብ አስቀምጣኝ ነበር፣ በዚያው በይቅርታው እሑድ። ጉንጉን ዳቦውን በአንድ እጄ ነው የያዝኩት፤ ሌላው እጄ አይነሣም ነበር። በሻርፕ ሸፍኜው ነው የሄድኩት፣ እሷም ሻርፑን አይታ "ያምራል" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አልኩት። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርኩ።

እኔ ጣልያን የመጣሁት ለገንዘብ ነው ያለሽ ማነው?

ይህን ለእናትሽ እንዳታሳዪ። ለካትሪንካ ቸኮሌት ልኬያለሁ፣ እስከ ፋሲካ አይሰጣት።

አግላያ


ኮርበሽቲ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2017፣ የሕማማት ረቡዕ

ለውድ እትዬ አግላያ፤

ለዚህ ደብዳቤ ተገቢውን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። እጅዎን ስሜያለሁ፤ የቱን እንደሆነ ያውቁታል።

ለእናቴ አላሳየኋትም። ለኦክሳናም አላሳየኋትም፤ ነገሩ የእርስዎ ነው፣ እኔ ደግሞ የሰው ነገር ተሸክሜ ማድረስ ምን እንደሚያመጣ ተምሬያለሁ። ደክሞኛል እትዬ። በበጋ ወደ ሌላ ሥራ ልሂድ ብዬ ማመልከቻ ጀምሬ ነበር። ትናንት ወይዘሮ ታይሲያ ቀርበው አዲሶቹ ሰዎች የሚመጡበትን ቀን ነገሩኝ፣ እኔም ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልቀደድኩትም፤ አልላክሁትምም።

አዲሱ የክልከላ ትእዛዝ የሚታይበት ችሎት ከፋሲካ በኋላ ሐሙስ፣ ኤፕሪል 20 ነው። የመጠለያው ጠበቃ የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ ጽፋ ጨርሳለች፤ የጎደለው የኦክሳና ፊርማ ነው። በየቀኑ ምሳ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ያቀርቡላታል። እስክሪብቶውን ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔን ስታየኝ ስለ ዳኛው አትጠይቀኝም፣ ስለ ቫዲምም አትጠይቀኝም። "እማማ አግላያ ምን አለች?" ነው የምትለኝ። እኔም "አልጻፈችም" እላታለሁ። ሁለት ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ ሦስተኛ አልችልም።

የተክሊል እናት እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እርስዎም አልሰሙም። ኦክሳናም ሰምታው ስለማታውቅ ነው እየጠበቀች ያለችው። ትዳርሽን አፍርሺ ይበሏት አልልም። ይቅርታዋን ትንጠቅ አይበሏት፤ ይቅር ትበለው፣ ግን ከተቆለፈ በር ማዶ ሆና፣ ቁልፉም እሷ ዘንድ ሆኖ። ይህን እኔ ብነግራት ከመጽሐፍ የቀዳሁት ይመስላታል። ወይዘሮ ታይሲያ ቢነግሯት ሥራቸው ነው ትላለች። ከእርስዎ ብትሰማው ግን ትፈርማለች። ካልቻሉ ስለ ሻርፑ ብቻ ይንገሯት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።

ለእኔ መልስ አይጻፉልኝ፤ ሚኒባሱ እስኪደርስ ይዘገያል። የመጠለያው ስልክ ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ላይ አለ። ከምሳ በኋላ ስልኩን እንድታነሣ ተመድባ አጠገቡ የምትቀመጠው እሷ ናት። ይደውሉላት፣ እትዬ።

ሉሚኒጻ